የሐጃ ልጅና ፓስፖርቴ

ኻርቱም፣ ሪያድ ሰፈር የተቀጠርኩበት ቤት እመቤት ሐጃ ይባላሉ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ለምጽዋት እጃቸው የማይሰስት ሴት ነበሩ። የገባሁ ቀን ፓስፖርቴን ተቀበሉኝና መኝታ ክፍላቸው ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ቁልፉን ከሌሎቹ ጋር በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አልገረመኝም። ሪያድም ሆነ ማንሺያ የሚሠሩ የወሎ ልጆች ፓስፖርታቸው ማዳሞቻቸው ዘንድ ነው። ያስገባኝ ደላላ ራሱ፣ «ምን ያደርግልሻል? መንገድ ላይ ትጥይዋለሽ» ብሎኝ ነበር። ከሻ የሚሉት አፈሳ መጥቶ ፖሊስ ሐበሻ መኪና ላይ ሲጭን፣ ወረቀት በእጇ የሌለ ሴት ከየአጥሩ ሥር እንደምትደበቅ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ሐጃ ከልጆቻቸው አንዱ ብቻ ነበር አብሯቸው የሚኖረው። ሌሎቹ ባሕረ ሰላጤው አገር ሆነው ለቤቱ ገንዘብ ይልካሉ። እሱ ሠላሳውን ያለፈ፣ ሕግ የተማረ፣ በፖለቲካው ምክንያት ማንም የማይቀጥረው ሰው ነው። ክፍሉ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጺማቸውን ያንዠረገጉ ፈረንጆች ተለጥፈዋል። በገባሁ ሳምንት ቁርሱን ሳቀርብለት «ኡስታዝ» ብዬ ጠራሁት።

«ኡስታዝ አትበይኝ» አለ። «እኔ ጌታሽ አይደለሁም። አንቺም ባሪያ አይደለሽም። ረፊቅ በይኝ።»

«ረፊቅ ምንድን ነው?»

«ጓደኛ። አንድ ዓላማ ያለው ጓደኛ።»

ገባኝ። ጓድ ማለቱ ነው። የዚያን ዕለት ለአባቴ ስደውል እየሳቅኩ ነገርኩት፤ «እዚህ ቤት ያለው ሰውዬ ጓድ በይኝ አለኝ» አልኩት። አባቴ ግን አልሳቀም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «በእኛም ጊዜ ጓዶች መጥተው ነበር። መሬት ላራሹ ብለው የጌታውን መሬት ቆርሰው ሰጡኝ፤ አንቺም ያደግሽው በዚያ እህል ነው። በማግስቱ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። እንዴት ብዬ ልመርቃቸው፣ እንዴት ብዬስ ልርገማቸው? አንቺ ሻይሽን አቅርቢና ከበሩ መለስ በይ።»

መለስ አላልኩም። ሰውዬውን ወደድኩት። የወንድና የሴት መውደድ አይደለም፤ በዚያ ከተማ ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ስለሆነ ነው። ከሰዓት በኋላ ጓዶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሳሎን ይገባሉ፤ መጋረጃው ይዘጋል። እኔ ሻይ ይዤ እገባለሁ። የገበያውን ዐረብኛ እንደ አማርኛዬ ለምጄዋለሁ፤ እነሱ ግን የመጽሐፉን ዐረብኛ ሲጀምሩ ግማሹ ያመልጠኛል። የማያመልጠኝ አንድ ቃል ነበር፤ ሠራተኛ። ሠራተኛው፣ ለሠራተኛው፣ የሠራተኛው። ስሜን የሚጠሩት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዳቦ ጠፋ፣ በመንግሥቱ ላይ ሰልፉም ጀመረ። ሰውዬው ጠዋት የወጣ ማታ አይመለስም። አንድ ቀን ጨርሶ ቀረ፤ ደኅንነቶች ወሰዱት። ሐጃ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው ሳይደርቅ ከረሙ። ሲለቁት ከሪክሻ፣ ከእኛው ባጃጅ፣ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ሆሹ በሚሉት ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጬው ለብ ባለ የጨው ውሃ ሸሚዙን ቀስ እያልኩ አላቀቅኩት። የጀርባው ቆዳ ተተልትሏል። አንድ ጊዜ እንኳ «አህ» አላለም።

«አትፈራም?» አልኩት።

«ስናሸንፍ» አለኝ፣ «የማንም ሰው ወረቀት በማንም ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፍም።»

ስለ ፓስፖርቴ ነግሬው አላውቅም ነበር። እሱ ግን አይቶታል፤ አይቶትም አስቦበታል። ጀርባውን እያጠብኩ አለቀስኩ። ዛሬም ቢሆን ያንን ጀርባ አልክደውም። ሰውዬው ፈሪ ነበር የሚለኝ ካለ ውሸቱን ነው።

ሕዝቡ ከጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲሰፍር ሐጃ ራሳቸው ተለወጡ። ነገሩን ሁሉ ሲራገሙ የነበሩት ሴትዮ በትልቁ ድስት ፉል አስቀቀሉኝና «ያላ፣ ውሰጅላቸው፤ የሰው ልጅ ናቸው» አሉኝ። ከጎረቤት ቤት ከምትሠራ የአገሬ ልጅ ጋር ድስቱን ሪክሻ ላይ ጭነን ሄድን። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰው ሰውን ውሃ ያጠጣል፣ ይዘፍናል፣ ሲገባም «እጃችሁን አንሱ፣ መፈተሽ አለባችሁ፣ ይቅርታ» እየተባለ ይፈተሻል። ሐበሺያ ብሎ የሰደበን የለም። ሰውዬው ሣጥን ላይ ቆሞ ይናገር ነበር። አየኝና በእጁ ጠራኝ፤ ወጣሁ። እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው።

«ይህች እህታችን ናት! ሠራተኛ ናት! ይህ አብዮት የእሷም ነው!»

ሰዉ አጨበጨበ። ሽንኩርት የሸተተ እጄ ሰማይ ላይ ሆኖ ሲጨበጨብለት ምን እንደተሰማኝ ዛሬ ልናገረው አልችልም። ያኔ ሙቺ ቢለኝ እሞት ነበር።

የሞቱት ሌሎች ናቸው። ሽማግሌው ፕሬዝዳንት ወርዶም ሕዝቡ ገና አልተበተነም ነበር። የረመዷን መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ ባረገዘ ጠዋት፣ ወታደሮቹ ሕዝቡ የሰፈረበትን ቦታ በጥይት አፈረሱት። ሰውዬው የት እንዳለ አላወቅንም። ረፋዱ ላይ በሩ ተደበደበ። ከጓዶቹ አንዷ ናት፤ የሕክምና ተማሪ፣ ሳሎን ውስጥ ከሁሉም ያነሰ የምትናገረዋ። ልብሷ ጭቃና ደም ነው። ደሙ የእሷ አልነበረም። መታጠቢያ ቤት አስገብቼ እንደ ሕፃን አጠብኳት፣ የራሴን ጀለቢያ አለበስኳት፤ እኔ ክፍል ወለሉ ላይ ተኛች። ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ከተማው ጭር ብሎ በነበረበት በዚያ ሰሞን እኔ ዘንድ ሰነበተች። ስለ ሠራተኛ አንድም ቃል አላወራችኝም። ሽንኩርት ትልጥልኝ ነበር፤ አላላጧ ግን ለከት የለውም፣ ግማሹን ትጥለዋለች።

ቆይቶ ሲቪሎቹና ወታደሮቹ ሥልጣን ተካፈሉ ተባለ። ሰውዬው ከተደበቀበት ወጣ። ስብሰባው ቀጠለ፤ አሁን መጋረጃው ክፍት ነው፣ ሰዉም በዝቷል። ከዚህ ወዲያ ያለውን ሳስታውስ አሁንም ምራቄ ይመርረኛል።

መጀመሪያ የተጣሉት መንግሥት ውስጥ እንግባ አንግባ ብለው ነው። ወንድሞቻቸው አስፋልት ላይ ደማቸው ሳይደርቅ እነሱ አንድ ቃል ላይ ተነታርከው ግማሾቹ ጥለው ወጡ። የወጡት የቀሩትን «ከሃዲዎች» አሉ፤ የቀሩት የወጡትን «ሕፃናት» አሉ። ብዙም ሳይቆይ የቀሩትም ለሁለት ተሰነጠቁ። ድሮ አንድ ትሪ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይነፋፈጉ ጀመር። ደኅንነቶቹ በዱላ ያልበተኑትን ማኅበር ራሳቸው በመግለጫ በተኑት።

ሳሎኑን ማጽዳት የእኔ ሥራ ነው። የሲጋራ ቁራጩን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይከቱታል፤ የሐብሐብ ፍሬ ቅርፊት ምንጣፉ ላይ ይተፋሉ፤ መጸዳጃ ቤቱን ውሃ ሳይለቁበት ትተውት ይወጣሉ። ስለ ሴት ልጅ ነፃነት ሲናገር ድምፁ የሚንቀጠቀጥ አንድ ባለ መነጽር ሰው ነበር። ንግግሩን ሳያቋርጥ፣ ፊቴንም ሳያይ፣ ጣቱን ጷ አድርጎ ስኳር ያስጨምረኛል። ሐጃ ያረጁ፣ በጌታና በሎሌ ሥርዓት ያደጉ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አጩኸውብኝ አያውቁም።

አንድ ከሰዓት ተማሪዋ ወጥ ቤት መጣችና ጆሮዬ ላይ፣ «ዛሬ የሚጸድቀው መግለጫ ውስጥ አንቺን የሚመለከት አንድ መስመር አለ። ቤት ውስጥ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ፓስፖርታቸው ይመለስላቸው ይላል። እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለችኝ። ትሪውን ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ማንም መኖሬን አላየም።

ባለ መነጽሩ መስመሩ ጋ ሲደርስ አቆመ። «ይሄ ይውጣ» አለ። «ዳቦ ሰልፍ ላይ ሕዝቡ ሐበሻውን እየሰደበ ነው፤ ዳቦአችንን በሉብን እያለ ነው። ይህንን ብናስገባ ሰፈሩን በሙሉ እናጣለን።»

«ሕዝቡ ከተሳሳተ ተሳስቷል አንለውም?» አለች ተማሪዋ።

ሁሉም ወደ ሐጃ ልጅ ዞሩ። እሱ ብዕሩን ሲያሽከረክር ቆየና፣ «ሐሳቡ ትክክል ነው» አለ። «ጊዜው ግን አይደለም።»

መስመሩ ይውጣ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። እጁን አወጣ። ሣጥኑ ላይ እጄን ያነሳበት ያው እጅ ነው። ተማሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩን ደርግማው ሄደች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከማኅበሩ ወጣች። እኔ ሻዩን አደልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣና፣ «በሚቀጥለው ምዕራፍ እንመልሰዋለን፣ ኢንሻላህ» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያቺ ላም ስንት ምዕራፍ እንዳላት ማንም አልነገረኝም።

በዚያው ሰሞን እህቴ ደወለች። አባታችን ሆዱ አብጧል፣ ምግብ አልረጋ ብሎታል፣ ድረሽ አለችኝ። ሰውዬውን ሆሹ ውስጥ ጫማውን ሲያስር አገኘሁትና ነገርኩት። «እናትህን ጠይቅልኝ፤ ፓስፖርቴን ይስጡኝ» አልኩት።

ቀና አላለም። «እናቴ ልቧ ደካማ ነው። አሁን በዚህ ሰዓት...»

«እስር ቤት ገርፈውህ አልፈራህም።»

«ያ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው?»

ጫማውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። «ስለ ሠራተኞች የሚያጠና ኮሚቴ እያቋቋምን ነው። እዚያ አነሳዋለሁ።»

ራሴ ሐጃን ጠየቅኳቸው። «ኢንሻላህ፣ የሴት ልጄ ሰርግ ይለፍና» አሉኝ። የሰርጉ ቀን አልተቆረጠም ነበር።

ለተማሪዋ ደወልኩላት። ያኔ ጀሪፍ የሰፈር ኮሚቴ ውስጥ ገብታ ዱቄት ዳቦ ቤት መድረሱን ትቆጣጠራለች፤ ሌት የሚቸበቸብ ዱቄት እንዳይኖር በየተራ ይጠብቃሉ። በማግስቱ ፀጉሯ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣች። ሐጃ ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ ወደዋት ነበር። ስኳራቸውን ጠየቀች፣ የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ሻይ ጠጣች። ከዚያ፣

«ሐጃ» አለች፣ «የዚህች ልጅ አባት ታሟል። ፓስፖርቷን ይስጧት።»

የሐጃ ፊት ተለወጠ። «ቢጠፋባትስ?»

«ቢጠፋ የጠፋው የራሷ ነው።»

«ሄዳ ባትመለስስ? ለማስመጣት ያወጣሁት አለ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ማን ያነሳኛል?»

ተማሪዋ ትዋሻለች ብዬ ነበር። አልዋሸችም። «ላትመለስ ትችላለች» አለች። «እርስዎ ቢሆኑ፣ አባትዎ እያጣጣረ ሰው በርዎን ቢቆልፍብዎ ምን ይሉታል?»

የሐጃ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሐጃ ወደሱ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ይሄ...» አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ይሄ ከጠቅላላው ሥርዓት ጋር ተያይዞ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።»

«አዎን ነው ወይስ አይደለም?» አሉት እናቱ።

ልጁ መጋረጃውን ማስተካከል ያዘ። ሐጃ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው ቁልፉን ለእኔ ወረወሩልኝ። «አንቺው ክፈቺ፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። ቅር ብሏቸዋል፤ ግን ሰጡኝ።

ይህ ሁሉ የፈጀው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ያለውን ጊዜ ነው። ልጅቷን ልሸኝ ሆሹ ስንወጣ ሰውዬው ቀደመንና መንገድ ዘጋባት። ፊቱ ቀልቷል።

«ምን እንዳደረግሽ ይገባሻል? የመደብ ጥያቄን ወደ ልመና አወረድሽው። አንዷን አውጥተሽ ሺዎቹን ረሳሽ። ይሄ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው እንጂ ትግል አይደለም!»

«ፓስፖርቱ እጇ ላይ ነው» አለችው፤ ሪክሻ አስቁማ ሄደች።

ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበታል፤ ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተቃጥሏል። ማሳደሱ፣ ሰልፉ፣ የመውጫ ወረቀቱ ብዙ አመላለሰኝ። በመሐል ሰውዬው መጥቶ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ስለ ሴት ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ፣ ሁለት ቃል ብቻ ተናገሪ አለኝ። እንቢ ልል ነበር። ግን ሌሎች የአገሬ ልጆች ይኖራሉ፣ የሚጠቅማቸው ነገር ይወጣ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። አንዲት ሐበሻ የለችም። ከዓርብ ውጪ ከቤት የማይወጡ ሴቶችን ስብሰባ በሥራ ቀን ነው የጠሩት።

ሰውዬው መድረክ ላይ ወጣ። «ድርጅታችን ባካሄደው ትግል» አለ፣ «እነሆ የዚህች እህታችን ፓስፖርት ተመልሷል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰዎች ስልካቸውን አንስተው ፎቶ አነሱኝ። ከዚያ የምናገረውን የጻፉበት ወረቀት እጄ ላይ አደረገ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ውሸቱ እናቱ ፓስፖርቱን መስጠታቸውን በመካዱ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ልጅ ያደረገችውን ገፎ የራሱ አደረገው፣ በቁጣ የረገመውን ሥራ ድል ብሎ ሸጠው። ማይኩን ያዝኩ።

«እሱ እናቱን አልጠየቀም» አልኩ። «የጠየቀችው ሌላ ልጅ ናት። እናንተ ያንን መስመር ሰርዛችሁታል።»

ኋላ ያለ ሰው ሳቀ። ባለ መነጽሩ ተነሳና በትልቅ ደግነት፣ «እህታችን ዐረብኛው አስቸግሯት ነው» ብሎ ማይኩን ከእጄ ወሰደው፤ ለእሱም ተጨበጨበለት። ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ፣ ኒም ዛፍ ሥር አስመለስኩ። ዘበኛው ውሃ ሰጠኝ።

በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ ገባሁ፤ ኮሮና ድንበር ሳያዘጋ ደረስኩ። አባቴ በሕይወት ቆየኝ። የሆነውን ሁሉ ሳወራለት ብዬሽ ነበር አላለኝም። ውሃ እንዳጠጣው ጠየቀኝና ስለ ተማሪዋ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ባል አላት ወይ አለ። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሞተ። እጄ ላይ ተኝቶ ነው ያረፈው፤ አልሐምዱሊላህ።

አልተመለስኩም። ኻርቱም ውስጥ ወታደሮቹ ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ሲጠቀልሉት እኛም አገር ጦርነት በራችን ደርሶ ስለነበር ወሬውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሐጃን ልጆቻቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው ወሰዷቸው። ሰውዬው ካይሮ ገብቷል። አንድ ጊዜ ደወለልኝ፤ ስለ አብዮቱ እየጻፈ ነው፣ የእኔን ምስክርነት ይፈልጋል። ስለ እናቱ ጤና ጠይቄው ዘጋሁት። ኢንተርኔት ላይ አሁንም ስለ ሠራተኛው ይናገራል፤ አንደበቱ እንደ ድሮው ይጥማል።

ተማሪዋ ጀሪፍ ቀረች። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ሰልፍ ላይ ጭኗን በጥይት ተመታች፤ ዳነች፣ ታነክሳለች። ደውዬ ሳገኛት በንዴት ጠየቅኳት።

«ለመሆኑ የእናንተ ጓዶች ምን አመጡ? ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሻይ!»

«ሱሪ ለበስሽ ብለው የሚገርፉበት ሕግ ተሽሯል» አለችኝ። «ያ ሽማግሌም ወርዷል። ሕዝቡ በድንጋይና በደረት ነው ያወረደው፤ እነሱም ውስጡ ነበሩበት። መጀመሪያ ማንም ሳይናገር የተናገሩት እነሱ ናቸው። ይሄን አትቀሚያቸው።»

«ፓስፖርቱስ? የእነዚያ ሁሉ ልጆችስ?»

«እሱ እንዳለ ነው» አለች። «ማንም አልነካውም።»

እኔ ግን እንደሷ ሚዛን የለኝም። የተገረፈ ጀርባውን አይቻለሁ፣ የወጣ እጁንም አይቻለሁ፤ ሁለቱን ላስታርቅ ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ከበሩ ውጭ ያለውን ጌታ ለመጣል ሕይወታቸውን ይሰጣሉ፤ ከበሩ ውስጥ ያለው ጋ ሲደርሱ ምዕራፍ ይቆጥራሉ። ያን ሳስበው ነው የሚያስጠላኝ። ፈሪ ቢሆን ባልተጸየፍኩት።

ልጅቷ ልትዘጋ ስትል ከኋላዋ የሴቶች ጩኸት ይሰማ ነበር። የሰፈሩ ውሃ ሞተር ተበላሽቶ ለመጠገን እየተሰበሰቡ ነው አለችኝ። «ነገ እደውላለሁ» አለች። ነገ አልደወለችም፤ ከነገ ወዲያ ደወለች፣ ሞተሩ ተሠርቷል።